የኢኖያት ኦዪ አዲሷ ምራት

ጉድጓድ የሌለው መንገድ ይገኝ ይሆናል። ሌላ ሰው ያጸዳው የማይጸዳላት ሴት የሌለችበት ሰፈር ግን የለም። ታውቋታላችሁ። የታጠበ ሲኒ ሲሰጧት ወደ ብርሃን አንስታ ታየውና እንደገና ታለቀልቀዋለች። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዳ የመስኮቱን ደፍ በጣቷ ትዳብሳለች፤ ጣቷን ታያለች፤ ከዚያ ምንም ሳትል ሻይዋን ትጠጣለች። ሰው የሚገድለው ያ ምንም አለማለቷ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ በር ላይ የተዝረከረኩትን ጫማዎች ጥንድ ጥንዳቸውን አገናኝታ ካልደረደረች እንባዋ አይመጣም።

እንዲህ ያለች ሴት ጎረቤት ስትሆን ጥሩ ናት፤ ወሬዋ ይጣፍጣል። እኔ ግን የተዳርኩት ቤቷ ነው።

አማቴ ኢኖያት ይባላሉ። እኛ የማርጊላን ከተማ ሰዎች እናትን ኦዪ ስለምንል ኢኖያት ኦዪ እንላቸዋለን። በልቤ ግን ክብርት ዐቃቤ ሕግ ናቸው፤ በግቢያችን አንዲት ብናኝ እንኳ ሳትከሰስ አልፋ አታውቅምና። እዚህ ቤት የገባሁት ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ ሹሩባዬ ወገቤን በሚመታበት ዕድሜ ነው። በእኛ ዘንድ አዲስ ምራት ጎህ ሳይቀድ ትነሳና ውሃ ረጭታ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ከግቢው ቀጥላ ደጁን፣ ከደጁ ቀጥላ የመንገዱን ቦይ ዳር። ጎረቤት ነቅቶ ያልተጠረገ ደጅ ካየ ወሬው ከምራቲቱ ቀድሞ እናቷ ቤት ይደርሳል። እኔም በማሽላ መጥረጊያ፣ ጎብጬ ጠርጌ ስጨርስ ኦዪ በረንዳው ላይ ይወጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያችን ጥያቄ ይጠይቃሉ።

"ልጄ፣ ጠርገሽው ነው ወይስ አባብለሽው?"

ይህን ጥያቄ በሠርጌ ሰሞን ሰማሁት። ልጄን ናፊሳን ታቅፌ ሰማሁት። ናፊሳ አድጋ ዋና ከተማው ታሽከንት ሥራ በያዘችበት ጠዋትም ሰማሁት። መልስ የለውም። "ጠርጌዋለሁ ኦዪ" ያልኩ እንደሆነ ጎንበስ ብለው ከበሩ ኋላ አንድ ቅጠል ያነሳሉ። ቅጠሏን ከየት እንደሚያመጧት እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም፤ አንዳንዴ በኪሳቸው ይዘዋት የሚዞሩ ይመስለኛል።

በዚህ ዓመት ብርዱ ሲገባ ወገቤ እምቢ አለ። ሐኪሙ የአጥንቴን ፎቶ ልክ እንደ ኦዪ ሲኒ ወደ ብርሃን አንስቶ አየና "መጥረጊያ ካልተውሽ አልጋ ይዘሽ ትቀሪያለሽ" አለኝ። እሺ አልኩት። ቤት መጥቼ ጠረግኩ። ባለቤቴ ራቭሻን ሩሲያ አገር ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቤት ያለነው እኔና ኦዪ ብቻ ነን። እኔ ካልጠረግኩ ሰባውን ያለፉት ኦዪ ሊጠርጉ ነው። ይህን ለሐኪም ማስረዳት ምን ያደርጋል።

ናፊሳ ግን ብርዱ ሊወጣ ሲል ሰማችና ሳጥን ላከች። በሳጥኑ ውስጥ ክብ፣ ጥቁር፣ ራሷን እየነዳች ቤት የምትጠርግ ሮቦት ነበረች። ሳጥኑ ሲከፈት ጎረቤታችን አክስት ሀዲቻ በመካከላችን ባለችው ትንሽ በር ገብተው ቆመዋል።

"ይሄ ምንድነው፣ የድስት ክዳን?" አሉ።

"ቤት ትጠርጋለች አክስቴ።"

"እጇስ?"

"እጅ የላትም።"

"ያለ እጅ ትጠርጋለች። እኛ ሁለት ሁለት እጅ ይዘን ምን ስንሠራ ኖርን ኢኖያት?"

ኦዪ አልሳቁም። የሮቦቷን ጀርባ በጣታቸው ዳበሱና ጣታቸውን አዩ።

"በዚህ በር ለሥራ የገባች ሁሉ ምራት ናት" አሉ። "አርባ ቀኗን እናያታለን። ካወቀችበት ትቆያለች። ካላወቀችበት ወደ መጣችበት።"

"እስከዚያ መጥረጊያውስ ኦዪ?" አልኩ።

"መጥረጊያው የት ይሄዳል። ከበር ኋላ ተጋድሟል።"

ነገሩ ገባኝ። ግቢውን ቆሜ በውሃ ቱቦ ማጠብ ይቻላል፤ የቤቱ ወለል ግን ጎብጦ መጥረግ ይፈልጋል። ይቺ ክብ ነገር ፈተናውን ከወደቀች መጥረጊያው ወደ እኔ እጅ፣ እኔም ወደ ሐኪሙ ፎቶ እንመለሳለን። ለሠርግ እንኳ ሙሽራ ያን ያህል በጭንቀት አዘጋጅቼ አላውቅም።

በልማዳችን አዲስ ምራት እስከ አርባ ቀኗ ቤት ውስጥ ብቻዋን አትተውም። ክፉ ነገር ይለክፋታል ይባላል። ክብርት ዐቃቤ ሕግም ደንብ አያፈርሱም፤ የመቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ሮቦቷ ወደምትጠርግበት ክፍል ሁሉ እየተከተሉ ተቀመጡ። ሮቦቷ መጥታ ዱካውን ገጨችና ዞራ ሄደች።

"ይቅርታ እንኳ አታውቅም" አሉ።

ሥራ ስትጀምር በሩሲያኛ የምትለው ነገር አላት። ይህም ቅር አሰኛቸው።

"አፍ አላት። ምራት በመጀመሪያ ሳምንቷ ትናገራለች?"

"ሥራ ጀመርኩ ነው ያለችው ኦዪ።"

"ሥራ የጀመረ ሰው ይታያል፤ ምን ያስለፈልፈዋል?"

ለናፊሳ ደውዬ አፏን አስዘጋናት። አንድ ነገር ብቻ ወደዱላት። ከቻርጅ ማድረጊያዋ ስትነሳ ወደ ኋላዋ እየሄደች ነው የምትወጣው። ጨዋ ምራት ከሽማግሌዎች ፊት ስትወጣ ጀርባዋን ሰጥታ አትሄድምና ኦዪ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህችን እንኳ ከቤቷ አስተምረዋታል" አሉ።

የሮቦቷ መመሪያ በሩሲያኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ትምህርት የተውኩት ሩሲያኛው ገና ሳይገባኝ ነው። ስለዚህ ናፊሳ በስልክ እያየች አስተማረችኝ። አቧራ የሚጠራቀምበት ሳጥኗ በየቀኑ ይደፋል። ማጣሪያዋ በሳምንት አንዴ በንጹሕ ውሃ ይታጠብና አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል። ከሆዷ ሥር የሚሽከረከረው ብሩሽ ይወጣና የተጠመጠመበት ፀጉር በመቀስ ይቆረጣል። ዓይኖቿ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላሉ፤ ካልተወለወሉ ደረጃ አይታያትም። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ የሙሽራ እናት ሆንኩ። አጥባለሁ፣ አበጥራለሁ፣ ዓይኗን እጠርግላታለሁ፣ ከዚያ ለአማቷ አቀርባታለሁ።

አማቷ ደግሞ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ የአቧራ ሳጥኗን ያስመጣሉ። ጋዜጣ ላይ ደፍተው ይመረምራሉ። በመጀመሪያው ቀን ከአቧራው መሃል የዳቦ ፍርፋሪ አገኙ። ፊታቸው ተለወጠ። በእኛ ቤት ዳቦ መሬት ላይ አይወድቅም፤ ከወደቀም ተነስቶ፣ ተስሞ፣ ከፍ ካለ ቦታ ለወፍ ይቀመጣል። ከጥራጊ ጋር የሚጣል ዳቦ የለም።

"ኃጢአት በልታለች" አሉ።

"ማሽን ናት ኦዪ፤ ዳቦና አቧራ አትለይም።"

"ታዲያ እኛ እንለይላት።"

መነጽራቸውን አድርገው ፍርፋሪዋን አንድ በአንድ ለቀሙና የግንቡ ራስ ላይ አኖሩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮቦቷ ከመነሳቷ በፊት ኦዪ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ከፊቷ ዳቦ ይለቅማሉ። የብሩሹንም ፀጉር እንድጥል አልፈቀዱልኝም። ፀጉር እግር በሚረግጠው ቦታ አይጣልም። የእኔ ጥቁር ከእሳቸው ነጭ ጋር እንደ ገመድ ተገምዶ ሲወጣ ተቀብለውኝ፣ ጠቅልለው፣ በጓሮው ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ይሰኩታል።

ምራቲቱ ሌላም ጥፋት ነበረባት። የትልቁን ምንጣፍ ዘርፍ እየጎረሰች ትታነቃለች። አንድ ቀን አራት ማዕዘኑን ዞራ ዘርፉን ሁሉ ስትበላ አገኘናት። አክስት ሀዲቻ "ጥሎሿን ነው የምትበላው" ብለው በሳቅ ተንከተከቱ። ከሁሉ የከፋው ግን ራቭሻን ለጸደይ በዓል መጥቶ የተመለሰ ዕለት የሠራችው ነው። መንገደኛ ከቤት ወጥቶ ያሰበበት ሳይደርስ ቤት አይጠረግም፤ የተጠረገ እንደሆነ የመመለሻው ዱካ አብሮ ይጠረጋል። ይህን ልጅም ያውቃል። ለሮቦቷ የነገራት ግን አልነበረም። ራቭሻን በደጅ ቆሞ እናቱን ስሞ፣ ታክሲው ገና ጥጉን ሳይዞር፣ በሰዓቷ ተነስታ መጥረግ ጀመረች።

ኦዪ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ደረሱባት፤ በሁለት እጃቸው አንስተው እንደ ኤሊ በጀርባዋ ገለበጧት። ጎማዎቿ አየሩን እየቀዘፉ ቀሩ። ማጥፊያዋን ነካሁላቸው። ኦዪ ግን አላስቀመጧትም። ዱካቸው ላይ ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አድርገዋት፣ ራቭሻን ከአውሮፕላን ወርዶ እስኪደውል ድረስ እንደታቀፏት ቆዩ። ምግብ ሳቀርብ በአንድ እጃቸው በሉ።

"ደረሰ?" አሉ ስልኩን ስዘጋ።

"ደርሷል ኦዪ።"

መሬት አኖሯት። "አታውቅም" አሉ። "አላወቀችም።" ትመለስ ይሉ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አላሉም።

ከዚያ የማጣሪያው ነገር መጣ። እኔ አጥቤ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁትን ማጣሪያ ኦዪ ለዓይናቸው የደረቀ መስሏቸው መልሰው ከተቱት። በሌላ ሰው እጅ የታጠበ ነውና ከዚያ በፊት እንደገና አጥበውታል፤ በሳሙና። ሮቦቷ እንደታመመ ሰው አቃሰተች፤ እርጥብ ጨርቅ እርጥብ ጨርቅ ሸተተች፤ መሃል ቤት ቆመች። አርባ ቀኗ ገና አልተጋመሰም።

ከበሩ ኋላ ሄጄ መጥረጊያውን አነሳሁ። ሁለት ሦስቴ ጠረግ ጠረግ እንዳደረግኩ ወገቤ እንዳጎነበስኩ ያዘኝ። መቃናት አልቻልኩም። እዚያው ምንጣፍ ምንጣፉን እያየሁ ቆምኩ። የኦዪ እግር መጣ። እጃቸው ጣቶቼን አንድ በአንድ ከመጥረጊያው እጀታ ላይ ፈታ። በሌላው እጃቸው ደረቴን ደግፈው ቀስ እያሉ አቀኑኝ።

"ሻይ አፍልቺ" አሉ። "ትድረቅ፤ ነገ ትሠራለች።"

በእውነትም ሠራች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምራቲቱ ሌላ ሰው ሆነች። አትታነቅም፣ አታቃስትም፣ ጥግ ጥጉ ሁሉ የጠራ ነው። ኦዪ ስድባቸውን አልተዉም፤ "ዓይነ ስውሯ"፣ "ክዳኗ" ይሏታል። የእኔ ልብ ግን አረፈ። ያረፈውም የአቧራ ሳጥኗን እስክከፍት ነው።

ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በማግስቱም ባዶ። ለናፊሳ ደወልኩ።

"እማ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?"

ታሽከንት የሚኖር ሰው አይገባውም። አማቷ በየጠዋቱ ሳጥኗን ያያሉ። ባዶ ሳጥን ያመጣች ምራት አልሠራችም ማለት ነው። አልሠራችም ማለት ትመለሳለች ማለት ነው። ስለዚህ ኦዪ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት በደጅ ወጣ እልና ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ አቧራ አምጥቼ ሳጥኗ ውስጥ እጨምርላት ጀመር። ኦዪ ጋዜጣው ላይ ደፍተው ያዩና "ዛሬ በርትታለች" ይላሉ። ሌላ ቀን "ዛሬ ከትናንት ትሻላለች" ይላሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ ስለማላውቅ በእሷ ፈንታ እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ብሩሹን የማጸዳበት ቀን ደረሰ። መቀሴን ይዤ ፀጉሩን ስቆርጥ ከጥቁሩና ከነጩ መሃል ሌላ ነገር ወጣ። ቢጫ፣ ደረቅ፣ ቀጭን። የማሽላ መጥረጊያ ስባሪ ነው። ወገቤ ከያዘኝ ቀን ወዲህ ግን ያ መጥረጊያ ከበሩ ኋላ ሲነሳ አላየሁም።

በማግስቱ ኦዪ ለንጋት ጸሎት ሲነሱ እኔም ነቃሁ። ከአልጋዬ ሆኜ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ተነስቼ በበሩ ክፍተት አየሁ። ኦዪ ትልቁ ምንጣፍ ላይ በጉልበታቸው ናቸው። መጥረጊያውን አቧራ እንዳያስነሳ ውሃ ነክረው አራግፈዋል። ዘርፉን በእጃቸው እያነሱ ሥሩን በቀስታ ይጠርጋሉ። ድምፅ የለውም። ሮቦቷ ጥጓ ላይ ቻርጅ እያደረገች ነው፤ እሷን ያወሯታል።

"ቆይ፣ ሰዓትሽ አልደረሰም። ጥጉን እኔ ይዤዋለሁ። ዘርፉንም አንስቼልሻለሁ፤ እንዳትታነቂ። አንቺ መሃሉን ያዢ። ሰው የሚያየው መሃሉን ነው።"

ትንሽ ጠረጉ። ትንፋሽ ሰበሰቡ።

"ያቺም ስትመጣ እንዳንቺ ነበረች። ትንሽ። ግቢውን ታደርሰውና የቦዩን ዳር ትረሳዋለች። አንድም ቀን አላየችውም። ሀዲቻ ደግሞ ዓይኗ የተከፈተ እንደሆነ የምታየው ቦዩን ነው። ምን ላድርግ። ከእሷ በፊት እነሳና የቦዩን ዳር ጠርጌ ተመልሼ እተኛለሁ። ከዚያ እንደገና እነሳለሁ። ቁጣ ቁጣ ካላልኩባት ደግሞ ይታወቅብኛል።"

በሩን ሳላንኳኳ፣ ሳልገባ ቆምኩ። ሙሽራ ሆኜ የቦዩን ዳር አንድም ቀን ጠርጌው አላውቅም። ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር። ነፋሱ የሚወስደው ይመስለኝ ነበር። ይህ ሰፈር ጥሩ ነፋስ አለው እያልኩ ለእናቴ አውርቼላታለሁ።

ወደ አልጋዬ ተመለስኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆይቶ ሮቦቷ ተነስታ መሃሉን ስትጠርግ ሰማኋት።

ያን ቀን ከሰዓት መርፌና ክር አውጥቼ የምንጣፉን ዘርፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት። ግድግዳ ግድግዳውን የተነጠፉትን ፍራሾችም ጠቅልዬ ከፍ ካለ ሳጥን ላይ ደረደርኩ፤ ለሥራው የሚቀረው ባዶ ወለል ብቻ ሆነ። ኦዪ ገብተው ቆመው አዩ።

"ዘርፉ የት ሄደ?"

"እግር እየጠለፈ አስቸገረኝ ኦዪ።"

በጣታቸው ስፌቴን ዳበሱ። ጣታቸውን አላዩም።

"ክሩ ጠንካራ ነው?"

"ጠንካራ ነው።"

"ጥሩ" አሉ።

አርባኛው ቀን ሲደርስ አክስት ሀዲቻ ፍርዱን ሊሰሙ መጡ። አዲስ ምራት አርባ ቀኗ ሲወጣ ድግስ አለና ኦዪ የድግሱን ሩዝ፣ ፕሎቭ፣ አስሠሩኝ፤ ካሮቱን እሳቸው ከተፉት፤ እኔ የከተፍኩትን እንደገና ከተፉት ብል ይቀላል። ከሩዙ በፊት ግን ሳጥኗ ትምጣ ተባለ። አመጣሁ። እንደልማዴ ጠዋት አንድ እፍኝ ጨምሬባታለሁ።

ኦዪ ጋዜጣው ላይ ደፉት። ከአቧራው ጋር ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር ወጣ። የመንገዱ ዳር ትልልቅ ዛፎች በዚህ ሰሞን የሚያራግፉት ጥጥ ነው። ቦዩ ዳር ተከምሮ ይውላል። ቤት ውስጥ አይገባም፤ ኦዪ መስኮት አያስከፍቱም። ሮቦቷም የበሩን ደፍ ተሻግራ አታውቅም።

ጥጡን በሁለት ጣታቸው አነሱት። ወደ ብርሃን ያዙት። ከዚያ በእሱ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጎህ ሳይቀድ ጥጉን ሁሉ እሳቸው የጠረጉት ቤት ውስጥ በየጠዋቱ ያ ሁሉ አቧራ ከየት እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቁ ሰው አስተያየት ነበር። "በርትታለች" ሲሉ የነበረው ማንን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አክስት ሀዲቻ ትዕግሥት አጡ።

"እህ ኢኖያት፣ ጠርጋዋለች ወይስ አባብላዋለች?"

ኦዪ ጥጡን እጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት።

"ጠርጋዋለች" አሉ። "ትቆይ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ያን መጥረጊያ ከበር ኋላ አንሺና እኔ ክፍል አኑሪው፤ መንገድ ዘጋ" አሉኝ። አኖርኩት፤ ከአልጋቸው አጠገብ፣ ሲነሱ እጃቸው በሚደርስበት።

እኔም የቀረኝ አንድ ሥራ ነው። በየጠዋቱ ለሳጥኗ አንድ እፍኝ መፈለግ። በኢኖያት ኦዪ ግቢና ደጅ አቧራ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ።